ንፉግ በር ስንት ያወጣል?

ሰኞ

ለመላው የጉለሌ ነዋሪ በታላቅ አክብሮት ይነገር፦ ከቅዳሜ ጀምሮ የገባበት ያልታወቀው የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ዛሬ ማለዳ ከሶፋው ስር በሕይወት ተገኝቷል። የቀኙ ጫማ ደስታውን የሚገልጽበት ቃል አጥቶ ዝም ብሏል።

ሁለተኛው ዜና ደስ አይልም። ነገ ገማች ይመጣል። ቤት የሚገምት አይደለም፤ የልጅ ልጄን የሜሮንን ኩባንያ ነው። ኩባንያ የምትለው ጓሮ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ነው። ውስጡ ኮምፒውተሮች፣ አንድ የሻይ ፔርሙስ፣ ፀጉራቸውን ያላበጠሩ ልጆች። ሥራቸው ዕቃ ለሚያደርስ ሞተረኛ ቦታ መንገር ነው። ደንበኛ ይደውልና «ወፍጮ ቤቱ ጋ አምጡልኝ» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ሲፈርስ ሞተረኛው አልተወለደም። የሜሮን ፕሮግራም ግን ያውቀዋል። ማን ነገረው? እኔ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ሰፈር ያላንኳኳሁት በር፣ ያላባረረኝ ውሻ የለም።

አንድ ባለሀብት ድርሻ ሊገዛ ፈልጓል። ካልገዛ ሜሮን በወሩ መጨረሻ ልጆቹን አሰናብታ ትዘጋለች። አልነገረችኝም። ግን ግድግዳው ስስ ነው።

ከታክሲ ስወርድ አበራን አገኘሁት። ጎረቤቴ ነው፤ እሱ ደግሞ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። መብራትና ውሃ እየተባባልን በየሰዉ በር ላይ ስንጠማመድ ኖረናል። «አንተ ወርቁ፣ እስካሁን አልሞትክም?» አለኝ። ደሜ ፈላ! ይሄ ሰው መሰላል እንዲያውሰኝ ብለምነው «መሰላል ሲወጡበት ያልቃል» ብሎ የከለከለኝ ነው። የሱን በር ፕሮግራሙ ላይ «ንፉግ በር» ብዬ ማስጻፌ ትንሽም አይቆጨኝም። ሞተረኛው ሁሉ ስሙን ለምዶታል፤ የማን በር እንደሆነ ግን ሜሮን አታውቅም።

ማክሰኞ

ገማቹ መጣ። ዮናታን ይባላል። ሱሪው ከመጥበቡ የተነሳ ሲቀመጥ እኔ ተሳቀቅሁለት። የኛን ሻይ ሳይነካ የራሱን ውሃ ከቦርሳው አወጣ። እዚያው ጠላሁት።

ሜሮን ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ኮምፒውተሩን ስታሳየው እጁን አወናጨፈ። «ይሄ ብዙም ዋጋ የለውም። የዚህ ዘመን ሀብት እውቀት ነው፤ አይዳሰስም» አለ። ወንበሩን የገዛሁት እኔ ነኝ! የማይዳሰስ ነገር ሊገምት የመጣ ሰው የሚዳሰሰውን ወንበሬን ናቀብኝ።

«ታዲያ እውቀቱ ያለው ማን ጋ ነው?»

ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ። ትንሽ ኮራሁ፣ አልዋሽም። ፕሮግራሙ ውስጥ ገና ያልገባው ከገባው ይበልጣል፤ ግራ በገባቸው ቁጥር የሚሮጡት ወደኔ ነው። ገማቹ እኔን ትቶ ወደ ሜሮን ዞረ። «አያትሽ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ጤናቸውስ?»

እኔ እዚያው ተቀምጬ!

«ሸጎሌ ከብት ተራ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርስ ከፍቶ ያያል፤ ልክፈትልህ?» አልኩት።

«አባባ፣ በክፉ አይዩብኝ። ስጋቱን መለካት አለብኝ።»

ስጋቱ እኔ ነኝ ማለት ነው። ላናድደው ብዬ ደረቴን ይዤ ረጅም ሳል ሳልኩ። ጻፈ። ደገምኩለት። ደግሞ ጻፈ። ሲሄድ ሜሮን ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አልገባኝም፦ «አባባ፣ እርስዎ በሳሉ ቁጥር እኮ ዋጋችን ወረደ!»

ረቡዕ

የመጀመሪያው ግምት በኢሜይል ደረሰ። ሜሮን ራሷ አነበበችልኝ፤ ስልኩን እንዳልወረውረው ፈርታ። «የኩባንያው እውቀት በአንድ አዛውንት ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የሚናገሩት ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላ ሰው የለም» ይልና ዋጋውን ለሁለት ይከፍለዋል። ግማሽ! በሰውየው ሂሳብ እስከ ወገቤ ተቀብሬያለሁ።

እንዲህ ተጽፎ ባለሀብቱ አይገባም አለችኝ። ወይ ሌላ ሰፈር አዋቂ ማግኘት፣ ወይ መዝጋት።

መሞቻዬ ገና መሆኑን ላሳይ ብዬ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሸጎሌ በእግሬ ሄድኩ። በሬዎቹ መሃል ቆሜ ፎቶ ተነሳሁና ለገማቹ አስላክሁ። መልሱ፦ «አባባ፣ ፀሐይ ነው፤ ኮፍያ ያድርጉ።» ባለጌ። ያው የፈረደበት ጉልበቴ ማታ ዳቦ አክሎ አበጠ።

ሜሮን እግሬን በሙቅ ውሃ እያሸች «ከእርስዎ ሌላ ሰፈሩን የሚያውቅ ማን አለ?» አለችኝ።

«ሁሉም ሞተዋል» አልኳት።

አንዱ አልሞተም። ከግንቡ ማዶ ሬዲዮውን ሲያስጮህ ይሰማኛል።

ሐሙስ

ጉድ ፈላ።

ገማቹ ሳይነግረን መጣና ስክሪኑ ላይ ጣቱን ቀሰረ፦ «ንፉግ በር የሚል ስም በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ሰው ይጠራዋል ወይስ ራሳችሁ ናችሁ ያወጣችሁት?» ብሎ ሊያጣራ ወጣ። ልከተለው ብል ጉልበቴ እምቢ አለ።

ታክሲ ተራው ጋ ረዳቱን ይጠይቀዋል። ረዳቱ «ንፉግ በርማ ያ ሰማያዊው ነው፣ ብሮ» ይለዋል። ሄዶ ያንኳኳል። አበራ ይከፍታል። «ጋሼ፣ ንፉግ በር እዚህ ነው?»

ይህን ሁሉ የሰማሁት አበራ ምርኩዙን ሽቅብ ይዞ ግቢያችን ከገባ በኋላ ነው። ገማቹ ከኋላው ይሮጣል።

«ወርቁ! አንተ የተቃጠለ አምፖል!»

«ና ግባ፣ አንተ የሚያፈስ ቧንቧ!»

ሜሮን መሃላችን ገባች። ምርኩዙ ሊያርፍብኝ ሲል የአበራ ዓይን ስክሪኑ ላይ ተተከለ። «ይሄ ምንድነው? ወፍጮ ቤቱን ከድልድዩ ማዶ ማን አስቀመጠው?»

«እኔ!»

«ወዲህ ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ክረምት በመጣ ቁጥር ቆጣሪውን ጎርፍ ይበላው አልነበር? ማዶ ምን ጎርፍ አለ?»

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። የዳቦ ቤቱን አነሳሁበት፤ ተሳስቶ አፈረ። እሱ ጠበሉን አመጣ፤ እኔ የከሰል መጋዘኑን። ስንጯጯህ ልጆቹ እየተሻሙ ይመዘግባሉ። ገማቹ ጥግ ይዞ ይጽፋል፤ ዛሬ የኛን ሻይ እየጠጣ። ሲወጣ ለሜሮን «አሁን ሁለት ሆነዋል፤ እርስ በርስ ደግሞ አይተማመኑም። ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም» አላት።

እኔና አበራ እኩል ጮህን፦ «ማን ነው ከሱ ጋ ሁለት የሆነው?»

ዓርብ

አበራ መልእክት ላከ። የበሩ ስም ከተሰረዘ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ስህተቴን ያርማል። ስህተቴን! ሜሮን የማን በር እንደሆነ ስለደበቅኋት ከትናንት ጀምሮ አኩርፋኛለች። ስሙን አጥፍታ «የአቶ አበራ በር» ብላ ጻፈች።

ከሰዓት አበራ ከጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ የግፊት መድኃኒቱን አዘዘ። ሞተረኛው ጠፋ። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩ ላይ ይጮሃል። «የአቶ አበራ በር! ሰማያዊው! አበራ አታውቅም?» አያውቅም። ሞተሩ እላይ ቤት ያጓራል፣ እታች ቤት ያጓራል። በመጨረሻ አበራ ግራ ቀኙን አየና አንገቱን ደፍቶ «ንፉግ በር ነው በቃ! ንፉግ በር!» አለ። ሞተረኛው ወዲያው ከተፍ። «እንዴ ፋዘር፣ መጀመሪያ እንደዚያ አይሉም?»

ስሙ ተመልሷል። ያስመለሰው ራሱ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

አዲሱ ግምት ለባለሀብቱ ሄዷል። ሜሮን አይከፋም አለችኝ፤ ከኩርፊያዋ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ይግባ አይግባ ሰኞ ይታወቃል። ገማቹን አሁንም አልወደውም።

በዚህ ሳምንት ከጻፍኩት አንዲት ነገር የፈጠርኳት ናት። ጫማው እውነት ነው፤ መሰላሉም እውነት ነው። ሰኞ ዕለት ግን አበራ «እስካሁን አልሞትክም?» አላለኝም። «ጉልበትህ ተሻለህ?» ነው ያለኝ። እሱን ብጽፍ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ በምን እጠላው ነበር?