ሽማግሌ ወደ ፕሮፌሰሩ

ለልጄ ለድረስ፣ የዲማው ጊዮርጊስ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንህ።

እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱ ወልዳለች፣ ጤፉም ታጭዷል። ደህና ያልሆነው አባትህ ነው። ያጠናኸውን መጽሐፍ ቃል በቃል ጽፈህ ለጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ ብትሰጥ «የሰው ጽሑፍ ሰረቅህ» ተብለህ በፕሮፌሰርህ መከሰስህን ከሰማ ወዲህ፣ «ልጄ ሌባ አይደለም! ለፕሮፌሰሩ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ ሦስት ሰው መርጧል። አንዱማ ጋቢውን አሳጥቦ፣ ጀርመን በእግር ስንት ቀን ያስኬዳል እያለ ይጠይቃል።

እኔም ተናድጄ ነበር። በልጅነትህ የቄስ ትምህርት ቤት መምህርህ የኔታ ላቀው ዘንድ አንዲት ቃል ስትስት ትገረፍ ነበር፤ ዛሬ ሳትስት ብትጽፍ ትከሰሳለህ? ይህንኑ ይዤ እሳቸው ዘንድ ሄድሁ። ሳቁብኝ።

«ቃሉን መያዙ መልካም። የማን ቃል እንደሆነስ ተናግሯል? እኔ ሳስተምር የመምህሬን ስም ሳልጠራ ቀርቼ አውቃለሁ?» አሉኝ።

ለካ ጥፋቱ ያንተ ኖሯል!

በል ፕሮፌሰሩን ይቅርታ ጠይቅና የመጽሐፉን ባለቤት ስም ጻፍ። አምላክ ልቡናህን ያብራልህ። ፕሮፌሰሩ የሚሉህንም ቶሎ ንገረን፤ ሽማግሌዎቹ ስንቅ ማዘጋጀት ጀምረዋል።

ምክሩ የየኔታ ላቀው ነው፤ ቁጣው ግን የራሴ ነው።

እናትህ ሥራነሽ