ሠላሳው ቆሮሶ

ሰኞ

ስሜ አለ! ከታች ሦስተኛ ላይ። የአባቴን ስም አሳስተው ጽፈውታል እንጂ እኔው ነኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። ለዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች የአንድ ሳምንት የቤተ ሙከራ ረዳትነት ሥልጠና። አሥራ ሁለት ሰው ይሠለጥናል፣ ሁለቱ ወደ ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ይዛወራሉ። ከሁለቱ አንዷ መሆን እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ያን ክፍል ሳጸዳ ዓመታት ሆነኝ። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ከሪያድ ተመልሼ ያገኘሁት ሥራ ነው። እዚያም የሰው ቤት ነበር የማጸዳው። ከጦርነቱ በፊት የትኛው ማይክሮስኮፕ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደነበር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነበርኩ። አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው። በአንዳቸውም አይቼ አላውቅም።

ከደሴ ወደ ሐይቅ ተመልሼ ለእማ ስነግራት "በዚህ ዕድሜሽ ትምህርት?" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዱአ አደረገችልኝ።

ማክሰኞ

ነጭ ጋዋን ለበስኩ። እጅጌው ረዝሞብኛል።

የተማርኩት፦ ጓንት ሲወልቅ እንዴት እንደሚገለበጥ። ሚዛን መጀመሪያ ዜሮ ላይ መሆን እንዳለበት። ያዩትን መጻፍ፣ የተመኙትን አለመጻፍ። ይሄ የመጨረሻው በጣም ቀላል መሰለኝ።

አሠልጣኛችን ዶክተር ሃና በዕድሜ ሳታንሰኝ አትቀርም። እዚህ ደብተር ላይ አንቺ እላታለሁ፣ ፊቷ ስቆም ግን አፌ አንቱ ነው የሚላት። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አሳየችን። እንደ ጡብ ተደርድሯል! ስንቱን ሽንኩርት ከትፌ ይሄን ሳላይ ኖሬያለሁ። ከኋላዬ የቆመው የጥበቃው አቶ ይመር "ከድጃ፣ ወረፋ ነው እኮ" እስኪለኝ ዓይኔን አላነሳሁም።

ረቡዕ

አበላሸሁት።

የመስክ ቀን ነበር፣ ያውም በገዛ አገሬ፣ ሐይቁ ዳር። ዶክተር ሃና ከአስጋሪዎቹ ሠላሳ ቆሮሶ ዓሣ አዝዛ ነበር። ዓሣውን ያመጣው አጎቴ አያ ሰይድ ነው። እሷ ሌሎቹን ይዛ ውሃውን ለመመርመር በጀልባ ስትገባ "አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፣ ዓሣዎቹን ተረከቢና ጥላ ውስጥ ጠብቂልኝ" አለችኝ።

እኛ ቤት ደግሞ ለእንግዳ ዓሣ ሳይጸዳ አይሰጥም። ነውር ነው፤ ቶሎ ሂድልኝ እንደማለት ነው። የአያ ሰይድን ቢላዋ ተቀበልኩና የሠላሳውንም ቅርፊት ፋቅሁ፣ ሆድ ዕቃቸውን አወጣሁ፣ አጥቤ ቅጠል ላይ ደረደርኳቸው። ሆድ ዕቃውን ወፎቹ ተሻሙበት። እንዴት ያምሩ ነበር! ምስጋና ልቀበል ቆሜ ከጀልባው እስኪመለሱ ጠበቅኋቸው።

"ከድጃ፣ ሆዳቸው የት አለ?" አለች ዶክተሯ።

ለካ የተፈለገው ሆዳቸው ነው! ሙሉ ክብደታቸው፣ ቅርፊታቸው፣ የበሉት ነገር። ሁለቱ የምንመረጥበት የዓርቡ ፈተናም በእነሱ ላይ ነበር። ዶክተሯ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ልቀር ነበር። እማ "ሪያድ ብቻሽን ስትሄጂ ያልፈራሽ፣ ለዓሣ ነው?" ብላ ከቤት አስወጣችኝ።

አቶ ይመር በሩ ላይ "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" ብሎ ተቀበለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ዶክተሯ ለሁለተኛ ጉዞ መኪና እንደማይፈቀድ፣ ፈተናው በጽሑፍ ብቻ እንደሚሆን ነገረችን። በጽሑፍ ከሆነ አለቀልኝ። የሚያውቀው እጄ ነው እንጂ ብዕር ላይ ቀርፋፋ ነኝ። ሳላስበው ተነሳሁ።

"ነገ ጧት ሠላሳ ዓሣ አመጣለሁ።"

"ሳይነኩ?"

"ወላሂ፣ ሳይነኩ!"

እሷም ሳቀች። ቁጥር፣ ሰዓትና የተያዘበት ቦታ የሚሞላበት ቅጽ ሰጠችኝ።

አያ ሰይድን ለመንኩት። "ሆዱን ልታዩት? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማችም ያቺ ልጅ?" አለኝ። ቀጥሎ ግን "ሱብሂ እንደሰገድን ነይ። አብሽሪ፣ ኸሐይቁ ዓሣ አይጠፋም" አለ።

ዓርብ

እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ደስ ብሎኛል።

ከቄጠማው ጥግ አሥራ ስድስት፣ ከጥልቁ አሥራ አራት አወጣን። ለየብቻ ጻፍኳቸው። ሠላሳኛውን ጽፌ ቀና ስል አያ ሰይድ ያንኑ ዓሣ ከፍቶ ሆድ ዕቃውን ወደ ውሃው ወርውሮታል።

"አያ ሰይድ፣ ቢላዋውን!"

"እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው" አለ ደንግጦ።

ሌላ ለመያዝ ጊዜ አልነበረም፣ ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው። ከሌሎቹ ሥር ብከተው ማን ያያል? የትናንቱ ሳቃቸው ጆሮዬ ላይ አለ። ብዕሬን ይዤ ቆየሁ፣ ከዚያ "ቁጥር ሠላሳ፦ በስህተት የተከፈተ" ብዬ ጻፍኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት እናት ባልዲዬን አይተው "ሳታጸጂው ለሰው ልትወስጂ ነው እንዴ?" አሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ እንዳይለዩ ሻሼን ወደ ፊት ሳብ አደረግሁ።

ፈተናው ሆድ ዕቃውን ሳይቀደድ ማውጣት ነበር። ሌሎቹ ቀደዱት። የእኔ ሙሉውን ወጣ። ዶክተሯ "የከድጃን እጅ እዩ" ብላ ሁሉንም ጠራቻቸው። እጄን ያየልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሊያስለቅሰኝ ነበር።

ቅጹን ስታነብ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝና ቅጹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እሁድ

ጋዋኑን ሁለቴ አጠብኩት። ሽታው አልለቀቀም። ያንን መስመር ለምን ጻፍኩት? ደግ አደረግሁ። ለምን ጻፍኩት?

ሰኞ

ተለጠፈ። አንደኛ አብራን የሠለጠነችው የሬጅስትራር ጸሐፊ፣ ሁለተኛ እኔ። ሦስት ወር በሙከራ፣ ከዚያ ይታያል ይላል። አልሃምዱሊላህ። የአቶ ይመር ስም አልወጣም። ግን በሩን ከፍቶ "እለፊ፣ ወይዘሮ ረዳት" አለኝ፤ ለቀጣዩ ሥልጠና ማይክሮስኮፑን ላስጠናው ቃል ገባሁለት።

ዶክተር ሃና "ዓሣ የለመደ እጅ ያለው ሰው ሌላም አገኛለሁ። ቁጥር ሠላሳን ባትጽፊው ግን አልመርጥሽም ነበር" አለችኝ።

ቤት ስደርስ እማ ተቆጥታለች። አያ ሰይድ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ከነቅርፊቱ፣ ከነሆድ ዕቃው በራችን ላይ ጥሎልን ሄዷል። በዕድሜው እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

"ምን በድለነው ነው?" አለች እማ። "ደግሞ ‹ለልጅሽ ንገሪያት፣ አልነካሁትም› ይለኛል!"

ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እማ ግራ ገብቷት ቢላዋውን አነሳች።

"ቆይ እማ" አልኳት፣ "መጀመሪያ ልለካው።"

ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እማ ጭራውን ያዘችልኝ።