ሠላሳ ሰባት ጊዜ ሃምሳ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ ከአዲሱ ትምህርት ቤት ነው የምጽፍልሽ።

እዚህ የአሥራ አንደኛ ክፍሎችን ራንደም ቫሪያብል የሚሉትን የዕድል ሒሳብ ላስተምር መጥቼ የለ? ትናንት «ሳንቲም መቶ ጊዜ ወርውራችሁ ስንቴ ዘውድ እንደወጣ ቁጠሩ» አልኳቸው። ዛሬ ከሠላሳ ስምንቱ ሠላሳ ሰባቱ በየተራ ተነስተው «ሃምሳ!» አይሉኝ መሰለሽ! የኛ ትምህርት ቤት ልጆች ቢሆኑ ከአንዱ ደብተር ይገለብጡ ነበር፤ እነዚህ ግን ልክ ግማሹ ካልወጣ እንግዳው መምህር ይከፋዋል ብለው ለየብቻቸው ነው የዋሹልኝ። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ብቻ «አርባ ሦስት» ብላ አቀረቀረች። ክፍሉ ሳቀባት።

«የእውነት የወረወርሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አልኳት። አላመነችኝም። ስወጣ ተከትላኝ መጥታ፣ «አይጨነቁ ቲቸር፣ ለነገ አስተካክዬ ሃምሳ አደርገዋለሁ» አለችኝ።

ነገ ደግሞ ዳይሬክተሩ ሳስተምር ክፍል ገብቶ ያየኛል። ካልጣምኩት ሻንጣዬን ማንሳቴ ነው፤ ሰውየው ራሱ ሃምሳ የሚወድ ይመስላል።

የምጽፍበት ፖስትካርድ ቦታው አለቀብኝ። እማማን ጉልበት ሳሚልኝ፣ የስታፍ ክፍሉን ሰዎች በሙሉ ሰላም በይልኝ። ስትጸልዪ የኔን እንጀራ ተይውና፣ ልጅቷ ነገ በሰውየው ፊት «አርባ ሦስት» እንድትል ለምኚልኝ።