ለዋና የሚሆን ቅዱስ

ሰኞ፣ መጋቢት 4

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ፦ ልጄ እሺ ካላለች ገንዳ መግባት አልችልም። የገንዳው ደንብ ነው። ከውሃ ተጎትቶ የወጣ ሽማግሌ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መጥቶ "ይዋኝ" ካላለለት አይገባም። እኔ ደግሞ ባለፈው ሐሙስ ተጎትቼ ወጥቻለሁ። ባቴን ስትራፖ ያዘኝ፣ ጡንቻዬ ተኮማተረ... ሌላ ምንም አልነበረም።

ከዚህ በቀር ቀኑ እንደ ወትሮው ነው። ተነሳሁ፣ አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ቁምጣና ፎጣ በቦርሳ ከተትኩ። በሩ ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ። መልሼ አወጣሁ። ምን ነካህ ሰውዬ?

አመሻሹ ላይ ልጄ ከመድኃኒት ቤቷ ስትመለስ ጎራ አለች። የምከራከርበትን ሁሉ አዘጋጅቼ ጠብቄያት ነበር። አላስጨረሰችኝም። ለጭቅጭቅ እንዳልመጣች፣ አንድ ነገር ብቻ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለዋናዬ ጠባቂ ቅዱስ እንድመርጥ! መርከበኛው አለው፣ ሐኪሙ አለው፣ መንገደኛው አለው... አንተስ?

"ለአንድ ሰው አደራ ልስጥህ፣ አባዬ። ያለዚያ እሺ አልልም።"

የትኛውን ትመርጪልኛለሽ አልኳት። ራሴ እንድመርጥ፣ ለምን እሱን እንደመረጥኩም እንድነግራት አዘዘችኝ። ምረጥ፤ ምክንያትህን አብራራ። ዕድሜ ልኬን እኔ ለተማሪ ሳወጣው የኖርኩት ዓይነት የፈተና ጥያቄ። ከወዲያኛው ወገን ሲያዩት እንዲህ ይከብድ ኖሯል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ውሃ ያለበትን ታሪክ ሁሉ ከቁርስ እስከ ምሳ መረመርኩ።

ኖኅ መርከብ ነበረው፤ እግሩም አልራሰ። ሙሴ በሕፃንነቱ በቅርጫት ተንሳፈፈ፣ ካደገ በኋላ ደግሞ ባሕሩ ተከፈለለት... በደረቅ መሬት መሻገር ዋና ነው? ዮናስ ተወረወረ፤ ከዚያ በኋላ የዋኘው ዓሣው ነው። ክርስቶፎሮስ ሰው ተሸክሞ ወንዝ ያሻግር ነበር፣ ግን በእግሩ። ቁመቱ ነው የረዳው። መጥምቁ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቆመ ብቻ።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል እጁን አንስቶ የቀዘፈ የለም? ግራ ገባኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ወደ ጓደኛዬ ወደ ልብስ ሰፊው ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው የስፌት መኪናውን ፔዳል ለቀቀና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሱ እቴ፣ መምረጥ ምን ያደርጋል፣ ሁሉንም ሰብስበህ ኮሚቴ አድርጋቸው አለኝ። ሊቀመንበሩ ዮናስ ይሁን፤ ልምድ አለው።

እየቀለድኩ እንዳልሆነ ነገርኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "አንተ ቀልደህ አታውቅም። ለዚህ እኮ ነው የምታስቀኝ።"

ስወጣ የኮቴን ቁልፍ ሳልጠይቀው ሰፋልኝ። ለጥያቄዬ ግን መልስ አላገኘሁም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ሰውነቴ እንጨት ሆኗል። ደረጃ ስወርድ ጎረቤቱ ሁሉ "ቀስ ይበሉ"... ውሃ ውስጥ ግን እንዲህ የሚለኝ አልነበረም። እዚያ ሽማግሌ አልነበርኩም። ይህን ለልጄ እንዴት ብዬ ላስረዳት?

እሑድ፣ መጋቢት 10

ደወልኩላት። ጳውሎስን መረጥኩ አልኳት። መርከቡ ተሰብሮበት ቀንና ሌሊት ባሕር ላይ ቆይቷል። በጽናት የሚስተካከለው የለም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "እንደገና አስብ" አለችኝ። እኔን!

ከምሳ በኋላ መልሼ ደወልኩ። ጴጥሮስ። አንድ ጊዜ ከጀልባ ዘሎ፣ ከነልብሱ እየዋኘ ዳር ወጥቷል። በእርግጥ የዋኘ ሰው ማግኘቴን እንደ ድል ቆጥሬው ነበር። ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም።

"ጥሩ ዋናተኛ ምረጥ አላልኩህም፣ አባዬ" አለች። ድምጿ ተሰበረ። ከኋላዋ ደንበኛ እየጠራት ነበር። ዘጋችው።

ታዲያ ምን አለችኝ? ለዋናህ አላለችም? በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

ገንዳው ጋ ሄድኩ። ልገባ አይደለም፤ ልቀመጥ። የውሃው ጠባቂ መጥቶ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዋናተኛው ሁሉ ከሆዱ የተነሳ በርሜሉ ነው የሚለው። ሌላ ስሙን አላውቅም። ያን ሐሙስ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው።

ስለ ልጄ ጠየቀኝ። ያን ዕለት ልትወስደኝ ስትመጣ ብዙ ጠይቃው ኖሯል። ምን ብለህ ነገርካት አልኩት። ያየሁትን አለ። ጀርባውን ሰጥቶ እንደነበር፣ አጠገቤ የምትዋኝ ሴትዮ ባትጮህለት ኖሮ እንደማያየኝ፣ ከእኔ በኩል ግን ድምፅ የሚባል እንዳልተሰማ።

"ለምን አልተጣሩም፣ መምህር? ጊዜ ነበረዎት እኮ።"

ጊዜስ ነበረኝ። ልጣራ አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ምን ብዬ? በርሜል ብዬ በሰው ፊት ሰውን ልሰድብ? ጋሼ እንዳልለው ታናሼ ነው። ልጄ እንዳልለው ሽበት አለው። ወንድሜ ልበለው ወይስ ጌታዬ ስል... ውሃው አፌን ሞላው። እየሰጠምኩ የአክብሮት መጠሪያ እመርጥ ነበር!

ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

"ይጥሩኝ ብቻ እንጂ በርሜልም ቢሉኝ እመጣለሁ" አለ። ቀጥሎም፣ "ልጅዎ ስትራፖውን አልፈራችም። እሱን በደንብ ታውቀዋለች። ያስለቀሳት ዝም ማለትዎ ነው" አለኝ።

ወደ ቤት እንዴት እንደተመለስኩ እንጃ። የአውቶቡሱን ፌርማታ አልፌ ሄጃለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 14

መልሱን አገኘሁት። ጴጥሮስ ነው። ሰውየው ያው፣ ምክንያቱ ሌላ። ዘሎ የዋኘ ቀን አይደለም፤ የሰጠመ ቀን ነው። በውሃው ላይ ጥቂት ተራመደ፣ ነፋሱን አየ፣ መስጠም ጀመረ። ታዲያ ወዲያው ጮኸ። ሰው ያየኛል አላለም፣ ቃል አላሳመረም። አድነኝ አለ፤ እጁን የሚይዘው አገኘ። ከቅዱሳኑ ሁሉ እኔ የማልችለውን የቻለ እሱ ነው።

ግን ማወቅና ማድረግ አንድ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ከነኮቴ ገንዳው ዳር ቆምኩ። በርሜሉ ከወዲያኛው ጫፍ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ሳል ሆነ። ሁለተኛው እንደ ጸሎት ቀጭን። በሦስተኛው ግን የሞተ የሚያስነሳ ጩኸት ወጣኝ።

"አድኑኝ!"

ገንዳው በሙሉ ቆመ። በርሜሉ ሆዱን አስቀድሞ እየሮጠ መጣ፤ ደረቅ መሆኔን ሲያይ ወገቡን ይዞ ቆመ። ጉንጬ እንደ እሳት ጋለ። ማንም ግን አልሳቀብኝም። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም አጨበጨበች። ያቺው የጮኸችልኝ ትሆን?

ለልጄ በስልክ የጻፍኩላት ይኸው ነው። እንዳልረሳው እዚህም ገለበጥኩት፦

"ልጄ፣ ጥያቄሽ ዘግይቶ ገባኝ፤ መዋኘት የሚችል ሳይሆን መጣራት የሚያውቅ ነው የፈለግሽው። ጴጥሮስን መርጫለሁ፣ ሲሰጥም ስለጮኸ። እኔም ዛሬ ጮኼያለሁ፤ ምስክር አለኝ። ስትራፖው ተመልሶ አይመጣም ብዬ ቃል አልገባልሽም። ዝም እንደማልል ግን እገባለሁ። ቅዳሜ ገንዳው ድረስ መጥተሽ በጆሮሽ ስሚኝ፤ ከዚያ እሺም እምቢም በይ። ትመጫለሽ? እባክሽ ቶሎ መልሽልኝ፣ ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ።"