አላውቅም ያልኩበት እሑድ

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

የመካነ ሰላም ብርድ ዘንድሮ ለጉድ ነው። ጠዋት ቅዳሴ፣ ከዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቼ፣ ከሰዓት የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና እርማት። ሃምሳ ሁለት ወረቀት ይቀረኛል።

የገና መዝሙር እያስጠናሁ ራሄል እጇን አወጣች። "ቲቸር... ማለቴ እህት እንቁ፣ ክሮሞዞም ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ነው ብለሽናል። ወንድ የሚያደርገው ዋይ ደግሞ ከአባት ብቻ። ጌታችን ያለ ምድራዊ አባት ከተወለደ ዋዩን ከየት አመጣው?"

ያለ ወንድ ዘር ከድንግል እንደተወለደ አምናለሁ፣ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ልጅቷን ልዋሻት?

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

አጎቴ ከከላላ ደወለ። "ካድሽ አሉ?" አለኝ። ወሬው በሁለት ቀን ከላላ ደረሰ!

ኑርጃንም ሰምታለች። ጎረቤቴ ናት፤ አባቷ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሸህ ናቸው። በአጥር በኩል ጠራችኝ።

"ምን ነካሽ እንቁዬ? እኛ እንኳ መርየም ወንድ ሳይነካት ወለደች እንላለን። አላህ ሁን ካለ ይሆናላ!"

"እኔስ መች ካድኩ?"

"የምንለያየው አምላክ ነው ስትሉ ነው። በልደቱማ ወላሂ እመሰክርልሻለሁ።"

ሳቅን። ኋላ ግን ተናደድኩ። ልደቱንም አምላክነቱንም የማምን እኔ፣ ምስክር የሚያስፈልገኝም እኔ?

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ክፍሌ ተቆልፏል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ዲያቆን አምላኩ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ሰጠኝ። ማኅተም ያረፈበት። "ስለ ጌታችን ልደት 'አላውቅም' ብዬ ማስተማሬ ክሕደት መሆኑን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።" ከታች የፊርማ መስመር።

"ፈርሚና ግቢ።"

"ካልፈረምኩስ?"

"ለገና ከልጆቹ ጋር አትቆሚም።"

ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያቸዋለሁ። ዘጠኝ ገና ከፊታቸው ቆሜያለሁ...

አልፈርምም።

ታኅሣሥ 13

የንስሐ አባቴ መምሬ ንጉሡ ቤት ድረስ መጡ። "ልጄ፣ ለአንድ ፊርማ... ፈርሚና እንረፍ።"

"ያልካድኩትን ካድኩ ብዬ ልፈርም አባ?"

ሲወጡ "እልኸኛ" አሉኝ። ነኝ።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ብሥራተ ገብርኤል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጉዳዬን ሊያይ የሚጠራኝ ቀን አጥቶ! እመቤታችን ራሷ መልአኩን 'እንዴት ይሆናል?' ብላ ጠይቃው የለ?

"ዲያቆን አምላኩ የራሄልን ጥያቄ ይመልስና አሁኑኑ እፈርማለሁ" አልኩ።

ተነሣ። መንፈስ ቅዱስ እንዳነጻት፣ ቃል ከሥጋዋ ሥጋ ከነፍሷ ነፍስ እንደ ነሣ ተናገረ። ጥሩ፣ ይህንንማ እኔም አስተምራለሁ።

"ዋዩስ?" አልኩት።

"ይሄማ የማይመረመር..." ብሎ ቆመ።

"የማይመረመር ማለት ምን ማለት ነው ዲያቆን?"

ወደ መምሬ ንጉሡ ዞሮ አያቸው። ስንት ጊዜ በጸሎት ያልነውን ቃል! መምሬ ንጉሡ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መሳቃቸው ነው፤ አይቻለሁ።

ውሳኔው ግን ያው። "ለጊዜው አታስተምርም።"

ታኅሣሥ 29

ገና። ከሴቶች ጋር ከኋላ ቆምኩ። ልጆቹ ሁለተኛው አዝማች ላይ ቸኮሉ። ማን ይያዛቸው? አለቀስኩ። ብፈርም ኖሮ... አይ። አልፈርምም።

ጥር 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ በሬ ተንኳኳ። ራሄልና ሌሎች ሰባት ልጆች።

"እኔ እኮ ታግጃለሁ። ማን ላካችሁ?"

"መምሬ ንጉሡ" አለች ራሄል። "የማይመረመር ማለት ምን ማለት ነው ብለን ጠየቅናቸው። 'እኔም አላውቅም፣ እንቁን ጠይቋት' አሉን።"

እኔም አላውቅም! እሳቸው!

ወንበር አልበቃንም። ኑርጃን አግዳሚዋን በአጥር አሳለፈችልን። "ዋዩ ተገኘ?" እያለች ትስቃለች።

ጥያቄዎቻቸውን የምንጽፍበት ፈለግን። የዲያቆኑ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ጀርባው ባዶ። ለራሄል ሰጠኋት። የስምንቱንም ጥያቄ ጻፈችበት።

ሁለቱን መለስኩ። ስድስቱን አላውቅም አልኳቸው።