ታጥበው የመጡት ብርድ ልብሶች

ለውድ ባለቤቴ ለሙዘሚል፣ ሞያሌ

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ፣ ሱቁ፣ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጃችን ራጃ እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ለሱቁ ያዘዝከውን የመኪና ካምቢዮ ዘይቱን አንጠፍጥፌ ከጣውላ ጋር በሽቦ አሳስሬዋለሁ፤ አይነቃነቅም። የፊት መብራቶቹ እንዳይሰበሩ እንደ ሁልጊዜው በቤታችን ብርድ ልብሶች ጠቅልያቸዋለሁ።

ባለፈው በአውቶብስ የመለስካቸው ብርድ ልብሶች ደርሰውኛል። ድሮ የመኪና ግራሶ እንደያዙ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቀህ ነበር የምትልካቸው። አሁን ታጥበው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ታጥፈው መጡ። ውሃ በጀሪካን እየገዛሁ ተቸገርኩ ስትለኝ አልነበር? የተቀደደውም በሮዝ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ደግሞ ያምራል። ራጃ አይታ፣ «ባባ መስፋት ቻለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

እዚህ ቤት እያለህ ካልሲህን እንኳ አጥፈህ አታውቅም፤ ሞያሌ ብዙ ነገር አስተማረችህ።

በዚህኛው ዙር ግን በማጠቡም በማጠፉም አትድከም። ለመጪው ዓርብ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ብርድ ልብሶቹን ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከመብራቶቹ ጋር ብርድ ልብሱ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ። ካንተ ቀድሞ ጥቅሉን ለሚፈታው ሰውም ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

ሚስትህ ሰዲቃ