ለማንም ያልነገርሽው ስም

ለእኔዋ ጥሩወርቅ፣ ለጥሩዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ እንዳልል ያለሽበትን አገር አላውቀውም፤ ብቻ ነፍስሽን በሸጋ ቦታ ያኑርልኝ። ከተለየሽኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። ከደጅ ያለው ኮክ ዘንድሮ አፈራ። ጣሪያው በጓዳ በኩል አሁንም ያፈሳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሠራተኛ ጥራ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ራሴ እወጣለሁ እላለሁ። ግትርነቴን ታውቂው የለም። ደብዳቤውንም ራሴው ነኝ የምጽፈው። ፊደልህ ጠጅ ቤት አምሽቶ የመጣ ሰው ይመስላል ትይኝ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው፣ ታገሺኝ። የልጅ ልጃችን መቅደስ ልጻፍልህ ብትለኝ እምቢ ያልኳት ነገሩ የሷው ስለሆነ ነው።

መቅደስ አድጋለች። እናቷ ማክሰኝት ከተማ ሆና ናፍቆት መወጫ ብላ ስልክ ገዛችላት፤ ከዚያ ወዲህ አንገቷን እንደደፋች ቀረች። ከማን ጋር ነው የምትጻጻፊው ስላት ከጓደኛዬ ትለኛለች። የማን ልጅ ነው ብላት ሳቀችብኝ፤ ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም አለች። አንቺ ለአዳር እንግዳ እንኳ ከየት ነህ፣ የማን ነህ ሳትይ መደብ አታነጥፊም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ልጅቷ እህል አልቀምስ አለች። ምነው ከሳሽ ስላት ፈተና ነው አለችኝ፤ አምኜ ጠበል አስመጣሁላት። አንድ ቅዳሜ ጧት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እንፍራንዝ ልትሳፈር ስትወጣ በሩ ላይ ያዝኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተናገረች። ያ ጓደኛ የተባለው የእንፍራንዝ ተማሪ ነኝ እያለ ወራት ሙሉ ጣፋጭ ጣፋጩን ሲጽፍላት ቆይቷል። ካመንሽኝ የኢንተርኔት ገጽሽን የይለፍ ቃል ንገሪኝ አላት፤ ነገረችው። በማግስቱ የገዛ ገጿን ዘጋባት። ያንቺን ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ፈትታ ስትጨፍር ለራሷ ብላ የተነሳችው ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። ብቻሽን ካልመጣሽ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ እበትነዋለሁ ይላታል። ልትሄድለት ነበር፣ ጥሩዬ። እኔ እዚሁ ቤት ተቀምጬ ልትሄድለት ነበር።

የይለፍ ቃል ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእህል መጋዘን ስጠብቅ በየማታው ይለወጥ ነበር። ቃሉ ምን ነበር አልኳት። በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ያንቺ የክርስትና ስም ነው። ለፍትሐትሽ ቄሱ ሲጠሩት ሰምታ ይዛው ኖሯል።

«ማንም የማያውቀው ስም ነው ብዬ እኮ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

መተተኛ ይሰማዋል ብለሽ ለእናቴ እንኳ የደበቅሽውን፣ ለእኔም የመጀመሪያ ልጃችን እስኪወለድ ያልነገርሽኝን ስም፣ ፊቱን አይታው ለማታውቀው ሰው አሳልፋ ሰጠችው። ዱላዬን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ እጄን የያዝሽኝ አንቺ ትሆኛለሽ። ወጥቼ ኮኩ ሥር ቆምኩ። መደበቂያውንስ ሸጋ መርጣ ነበር፤ ጥፋቷ መንገሯ ነው። ትልቁ ጥፋት ግን የጠያቂው ነው። ገብቼ ይህንኑ ነገርኳት።

ቢሮ መግባት እንደምጠላ ታውቂያለሽ፤ ሰኞ ትምህርት ቤቷ ገባሁ። መምህሯ አልተቆጣቻትም። አትመልሺለት፣ አትሂጂለት፣ የጻፈልሽንም አታጥፊው አለቻት፤ ከዚያ አብራን ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ገጹ ከብዙ ጣጣ በኋላ ተመለሰ። ሰውየው ግን አልተገኘም፤ ተማሪም አይመስለኝ። ፎቶው በማን እጅ እንዳለ አናውቅም። መንገድ ላይ ሰው ከሳቀ መቅደስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች፤ እኔም የሳቀውን ሰው አፈጥበታለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው።

ትናንት አዲስ ቃል አስገባች። ደስ ይለዋል ብላ ልትነግረኝ ጠጋ ስትል ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ።

«ለእኔም አትንገሪኝ» አልኳት።

ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ያንቺን ስም ግን መልሼ ተቀብያታለሁ። ቄሱ ፊት ካልሆነ በቀር ከአፌ አይወጣም፤ ጧት ጧት በልቤ እጠራሻለሁ፣ እስክመጣ ድረስ። እዚህ ወረቀት ላይም አልጻፍኩትም። አንቺ ታውቂዋለሽ።

አያ የምትይኝ
መኩሪያ